ሰባት ቤት የሚቆጥር ቁጥር

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ለኢትዮጵያውያን የሒሳብ ባለሙያዎችና የአነስተኛ ድርጅት ባለቤቶች የቀረበ ዲስኩር



ቅዳሜ ማታ የሒሳብ ወሬ ለመስማት ከቤቱ የወጣ ሰው ወይ ሙያውን አብዝቶ የሚወድ ነው፤ ወይ ከኦዲተር ደብዳቤ ደርሶታል። ደብዳቤ የደረሳችሁ እጃችሁን አውጡ አልልም።

እኔን ደብዳቤው ያገኘኝ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ በአንድ አነስተኛ የኮምፒውተር አገልግሎት ድርጅት የሒሳብ ኃላፊ ሆኜ በተቀጠርኩ በሁለተኛው ወር ነው። የመጣው ኦዲተር ረጋ ያለ ሽማግሌ ነበር። እንደ ወጋችን ቡና ብናቀርብለት አመስግኖ ገፋ አደረገውና የዓመቱን ዕቅድ ገለጠ። ጣቱ አንድ ቁጥር ላይ አረፈ፤ 37 በመቶ። የኦቨርሄድ ምጣኔያችን ነው። «ይህ ከየት መጣ?» አለኝ። «ከዕቅዳችን» አልኩት። «እሱንማ እያየሁት ነው። ዕቅዱ ውስጥስ ከየት ገባ?»

ያቺ ጥያቄ ሦስት ሳምንት ፈጀችብኝ። መልሱን በኋላ እነግራችኋለሁ። ዛሬ የምናገረው ሁሉ ግን ከእሷ የተወለደ ነው።

በአገራችን ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌ ተቀምጦ ሰባት ቤት ይቆጥራል። የልጁ አባት ማን ነው፣ አያቱ፣ ቅድመ አያቱ፣ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። መሐል ላይ ስም የጠፋው ቤተሰብ ያፍራል። ለአሜሪካ መንግሥት ሥራ የሚሠራ ድርጅት የሚጽፈው ቁጥርም እንደዚሁ ሰባት ቤት መቁጠር አለበት ባይ ነኝ። እስቲ አብረን እንቁጠር። ዕቅዱ ላይ ያለው የዶላር መጠን ከምጣኔ ተወለደ። ምጣኔው ከወጪ ቋት ተወለደ። ቋቱ ከሒሳብ መዝገብ፣ መዝገቡ ከደመወዝ ሰነድ፣ የደመወዝ ሰነዱ ከታይምሺት። ታይምሺቱ ደግሞ አንድ ሰው ማክሰኞ ዕለት ወንበሩ ላይ ተቀምጦ በእርግጥ ከሠራው ሥራ። ሰባት ሞላ። ከእነዚህ መሐል አንዱ ቤት ስሙ ከጠፋ፣ ያ ቁጥር ትክክል ቢሆን እንኳ ዲቃላ ነው፤ ማንም አይቀበለውም።

ብዙ ሰው ኦዲት ሲባል የሚያስበው ያለፈውን ነው፤ ደረሰኝ መሰብሰብ፣ ፋይል መደርደር። ዕቅድ ግን የወደፊት ስለሆነ ማን ይመረምረዋል ይላል። ስሕተቱ እዚህ ላይ ይጀምራል። ለመንግሥት በሚሠራ ድርጅት ዕቅዱ ራሱ ገንዘብ ያስከፍላል። ዓመቱ ሳያልቅ ለመንግሥት የምትልኩት የክፍያ ጥያቄ የሚሰላው በጊዜያዊ ምጣኔ ነው፤ ጊዜያዊ ምጣኔው ደግሞ የዕቅዳችሁ ልጅ ነው። ስለዚህ ዕቅዱን የሚጠይቅ ሰው ሕልማችሁን አይደለም የሚጠይቀው። የተከፈላችሁን ነው።

ይህ የመንግሥት ጥርጣሬ ከየት መጣ ብትሉ ታሪኩ ረጅም ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ። በአሜሪካኖች የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ የተበላሸ ዕቃ ለሠራዊቱ የሚሸጡ ነጋዴዎች ስለበዙ በ1863 የሐሰት ክፍያ ጥያቄን የሚቀጣ ሕግ ወጣ። ዛሬም ድረስ የሊንከን ሕግ ይሉታል። ሕጉ አሁን የጉዳቱን ሦስት እጥፍ ያስከፍላል፤ በዚያ ላይ ሌላ ቅጣት አለው። ጥፋቱን ያጋለጠው ሰው ደግሞ መንግሥት ካስመለሰው ገንዘብ፣ እንደ ነገሩ ሁኔታ፣ ከ15 እስከ 30 በመቶ ሊያገኝ ይችላል። እንግዲህ ቢሮአችሁ ውስጥ አጠገባችሁ የተቀመጠችው ጸሐፊ ጥፋታችሁን ለማጋለጥ ከማንም ኦዲተር የበለጠ ምክንያት አላት ማለት ነው።

ከዚያ አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ። በዚያ ጊዜ አንዳንዱ ውል ተቋራጩ ባወጣው ወጪ ላይ በመቶኛ ትርፍ ያስብለት ነበር። ብዙ ያባከነ ብዙ አተረፈ። ዛሬ እንዲህ ያለ ውል ለፌዴራል መንግሥት በሕግ የተከለከለ ነው። በ1965 የመከላከያ ውሎችን ሒሳብ የሚመረምረው መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ ሁላችሁም ዲሲኤኤ የምትሉት። በ1984 ደግሞ የፌዴራል ግዢ ደንቡ ሥራ ላይ ዋለ፤ በአጭሩ ፋር ይባላል። ስሙ ፋር ይሁን እንጂ የጻፉት ሰዎች ፋራ አልነበሩም። ምዕራፍ 31ን ያነበበ ያውቃል፤ ሰው ሊያሳብብ የሚችለውን ሰበብ ሁሉ አስቀድመው አስበውበታል። በ2025 ደንቡ ተከልሶ እንዲያጥር ትእዛዝ ስለወጣ አንቀጾቹ ቦታ ቢቀያይሩ አይግረማችሁ።

አንድ ነገር በጨዋታ መሐል ልበል። የኛን ሰባት ቤት የሚያስቆጥረው የመከላከያ መሥሪያ ቤት ራሱ በ2018 ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ኦዲት ተደረገ፤ ወደቀ። ከዚያ ወዲህም በየዓመቱ ወድቋል። ይህን ለኦዲተሩ እንዳትነግሩት ብቻ። እሱም ያውቀዋል፤ ደስ ግን አይለውም።

ወደ ዋናው ልግባ። ምሳሌ እንሥራ፤ ቁጥሮቹን እንዲመቹን አድርጌ የመረጥኳቸው ናቸው። አንድ ድርጅት ለሚመጣው ዓመት ሲያቅድ፣ በውል ሥራ ላይ በቀጥታ ለሚውሉ ሠራተኞች 1 ሚሊዮን ዶላር ደመወዝ አሰበ። ለኪራይ፣ ለተቆጣጣሪ፣ ለኢንተርኔትና ለመሳሰለው ኦቨርሄድ 400 ሺህ አሰበ። ፍሪንጁን፣ ማለትም የሠራተኛውን ጥቅማ ጥቅም፣ ለጊዜው ተዉት። ምጣኔው 40 በመቶ ሆነ። በእያንዳንዱ የቀጥታ ደመወዝ ዶላር ላይ 40 ሳንቲም ጨምሮ ይጠይቃል ማለት ነው።

ዓመቱ ገባ። ይፈረማል የተባለ ውል ዘገየ። ወይም መንግሥት ሥራ ዘጋ፤ በ2018 መጨረሻ ተጀምሮ 35 ቀን የቆየውን መዘጋት የምታስታውሱ አላችሁ። የመንግሥት ሠራተኛው በኋላ ደመወዙን አገኘ፤ አብዛኛው የኮንትራክተር ሠራተኛ ግን ሳይከፈለው ቀረ። የምሳሌአችን ባለቤት ግን ደግ ሰው ነው፤ ደግሞም ሠራተኞቹን ካሰናበታቸው እንደማያገኛቸው ያውቃል፤ እያስቀመጠ ከፈላቸው። ስለዚህ የቀጥታ ደመወዙ ከ1 ሚሊዮን ወደ 800 ሺህ ወረደ። የቀረው 200 ሺህስ የት ሄደ? ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ሰው ደመወዝ ኦቨርሄድ ውስጥ ይገባል። ኦቨርሄዱ 600 ሺህ ሆነ። 600 ለ800 ስታካፍሉ 75 በመቶ። ከ40 ወደ 75!

የሚጠየቀው ግን በ40 ነው፤ የ800 ሺህ 40 በመቶ 320 ሺህ። የወጣው 600 ሺህ ነው። 280 ሺህ ዶላር አየር ላይ ቀረ። ውሉ ወጪ የሚተካበት ዓይነት ከሆነ፣ ምጣኔው ተገቢ ነው ከተባለና የተመደበው ገንዘብ ከፈቀደ፣ ልዩነቱን በዓመት መዝጊያው ትጠይቃላችሁ። በቁርጥ ዋጋ ወይም በሰዓት ተመን የተፈረመ ከሆነ ግን ከኪሳችሁ ነው። በተገላቢጦሽ ሥራ በዝቶ ምጣኔው ቢወርድ ደግሞ፣ ወጪ በሚተካበት ውል መላሾቹ እናንተ ናችሁ።

አሁን ቀስ ብላችሁ ስሙኝ፤ የመጣሁት ይህን ለማለት ነው። ያ ባለቤት ሰኔ ላይ ቢሮው ተቀምጦ 75 በመቶውን ሲያይ ፊቱ ሁለት በር ይከፈታል። አንደኛው ዕቅዱን ማረም፣ ለመንግሥት አሳውቆ ጊዜያዊ ምጣኔውን ማስተካከል፣ ወጪ መቀነስ ነው። ሁለተኛው አጭር ነው። «አበበ ሥራ ፈትቶ ከሚቀመጥ ሰዓቱን እዚያኛው ውል ላይ ይጻፍ፤ እዚያ ገንዘብ አለ።» አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። ቀጥታው ከፍ አለ፣ ኦቨርሄዱ ዝቅ አለ፣ ምጣኔው ወደ 40 ተመለሰ፣ ወረቀቱ አማረ። የሊንከን ሕግ የሚጠብቀውም ልክ እዚያች ዓረፍተ ነገር ላይ ተቀምጦ ነው።

በዚህ ሙያ ስኖር ያየሁት፣ ታይምሺት ላይ የዋሹ ሰዎች አብዛኞቹ ሌባ ሆነው የተፈጠሩ አልነበሩም። ዕቅዳቸው ዘግይቶ ነው የነገራቸው። ጥር ላይ ያወጡትን ዕቅድ መሳቢያ ውስጥ ቆልፈው ሰኔ ላይ ሲያወጡት ቤቱ ተቃጥሏል። በየወሩ ዕቅዱን ከመዝገቡ ጋር የሚያስተያይ ሰው የካቲት ላይ ጭሱን ያይ ነበር። ስለዚህ ኦዲት ሊደረግ የሚችል ዕቅድ ስል ለኦዲተሩ ብዬ አይደለም። ባለቤቱ ሁለተኛው በር ፊት ሳይደርስ እንዲያቆመው ብዬ ነው።

አስቀድሞ ማየት ደግሞ የእኔ ምክር ብቻ አይደለም፤ ውሉ ውስጥ ተጽፏል። ወጪ በሚተካባቸው ውሎች ውስጥ የሚገባ አንቀጽ አለ፤ በተለመደው አጻጻፉ፣ በሚቀጥሉት 60 ቀናት ወጪያችሁ ከተገመተው ወይም ከተመደበው ገንዘብ 75 በመቶውን ያልፋል ብላችሁ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ በጽሑፍ አሳውቁ ይላል። ጣሪያው ካለፈ መንግሥት የመክፈል ግዴታ የለበትም። ልብ በሉ፣ የሚጠይቃችሁ ያወጣችሁትን ብቻ አይደለም፤ በሚቀጥሉት ሁለት ወራት የምታወጡትን ነው። ዕቅዱ በየወሩ የማይታደስ ድርጅት ይህን በምን ያውቃል?

እሺ፣ እንዴት ይሠራ? ከታች ልጀምር፤ ከታይምሺት። እያንዳንዱ ሰው በየቀኑ፣ በራሱ እጅ፣ የሠራውን ሰዓት ሁሉ ይጽፋል፤ ያልተከፈለበትንም ጭምር። ሲያርም የድሮው ይቀመጣል፣ ምክንያቱ ይጻፋል፣ አለቃው ይፈርማል። ኦዲተር ሳይነግር መጥቶ ሠራተኛውን «አሁን ምን እየሠራህ ነው? የትኛው ኮድ ላይ ነው የምትጽፈው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ሠራተኛው ወደ እናንተ ዞሮ ካየ ነገሩ አልቋል።

ቀጥሎ የሒሳብ መደቦች ናቸው። ዕቅዱና መዝገቡ አንድ ቋንቋ ይናገሩ። ዕቅዱ «ልዩ ልዩ» የሚለውን መዝገቡ በስድስት መደብ ከበተነው በየወሩ ማስታረቅ ሳይሆን መተርጎም ይሆናል ሥራችሁ። የማይፈቀዱ ወጪዎችም የራሳቸው መደብ ይኑራቸው፤ በመዝገቡም በዕቅዱም። እንቁጣጣሽን ከሠራተኞቻችሁ ጋር ስታከብሩ ምግቡ ላይ ትከራከሩ ይሆናል፤ የሠራተኛን መንፈስ የሚያነቃቃ ወጪ የሚያስተናግድ አንቀጽ አለ። ጠጁ ላይ ግን ክርክር የለም። የአልኮል ወጪ አይፈቀድም፤ ደንቡ ጠጅን ከውስኪ አይለይም። በግልጽ የተከለከለ ወጪን ምጣኔ ውስጥ ከትቶ ማቅረብ፣ ውሉ ከተወሰነ መጠን በላይ ከሆነ፣ ወጪውን ከማጣት በላይ የዚያኑ ያህል ቅጣት ያስከትላል።

ከጠጁ ይልቅ ብዙዎቻችንን የሚጎዳው ወለድ ነው። መንግሥት እስኪከፍል ደመወዝ ለመክፈል ከባንክ ትበደራላችሁ። ወለዱ የማይፈቀድ ወጪ ነው፤ መንግሥት አይተካውም፤ ከትርፋችሁ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ዕቅዳችሁ ሁለት ፊት ሊኖረው ግድ ነው፤ አንዱ የጥሬ ገንዘብ ፊት ወለዱን ያያል፣ ሌላው የምጣኔ ፊት አያየውም። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያደርግ ሰው ወይ ደመወዝ መክፈያ ያጣል፣ ወይ የተከለከለ ወጪ ያስገባል። ደመወዝ በእቁብ የከፈለ ባለቤት አውቃለሁ። እቁብ ወለድ ስለሌለው ከደንቡ ጋር አልተጣላም፤ ዕጣው በስንተኛው ወር እንደሚወጣለት ግን የትኛውም ዕቅድ ሊነግረው አልቻለም።

አሁን ወደ ልቡ ደረስን። እዚህ ውስጥ አገር ቤት መንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራችሁ አላችሁ፤ ሞዴል 19ና ሞዴል 22 ሲባል ፈገግ ያላችሁትን እያየሁ ነው። እዚያ ያደግንባት አንዲት ቃል ነበረች፤ ስርዝ ድልዝ። ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ ተቀባይነት የለውም፤ ካለም ፊርማ ይኑረው ይባል ነበር። ያኔ ቢሮክራሲ ይመስለኝ ነበር። ኤክሴልን ሳይ ነው ጥበቡ የገባኝ። ወረቀት ላይ ድልዙ ራሱ ይመሰክራል፤ እዚህ ጋ ሌላ ቁጥር ነበረ ይላል። ኤክሴል ላይ 40ን አጥፍታችሁ 38 ስትጽፉ 40 እንዳልተወለደ ይሆናል። ማን አጠፋው፣ መቼ፣ ለምን፣ ምስክር የለም። እኔ የኤክሴል ጠላት አይደለሁም፤ እስካሁንም እጄ ከእሱ አልወጣም። የጸደቀ ዕቅድ ግን ይቆለፍ። ሚያዝያ ላይ ዓለም ከተቀየረ አዲስ ዕቅድ ይጻፍ፤ የጥር ወሩ ዕቅድ ባለበት ይቀመጥ። በሁለቱ መሐል ያለው ልዩነት በአንድ ገጽ ይብራራ።

ከዕቅዱ ጎን ሌላ መዝገብ ይኑር፤ እኔ የግምት መዝገብ እለዋለሁ። «ደመወዝ በ3 በመቶ ያድጋል» ካላችሁ ማን አለ፣ በየትኛው ቀን፣ በምን ማስረጃ፣ ማን አጸደቀ የሚለው አብሮ ይጻፍ። ማስረጃው «ባለፉት ሦስት ዓመታት የሰጠነው ጭማሪ ይኸው፣ ደብዳቤዎቹ እነሆ» ከሆነ ይበቃል። «ኪራይ አይጨምርም» ካላችሁ የኪራይ ውሉ ገጽ ይያያዝ። «ያ ውል በመስከረም ይፈረማል» ካላችሁ ደግሞ ማን እንደነገራችሁ ጻፉ፤ ተስፋ ብቻ ከሆነም ተስፋ ብላችሁ ጻፉት፤ አያሳፍርም። ግምቱ ስለሳተ ብቻ ወንጀለኛ የሚባል የለም። የተጻፈበት ቀን ከምታውቁት ጋር ይስማማ እንደሆነ ነው የሚታየው። አሁን አሁን ደግሞ ዕቅድ በሰው ሠራሽ አስተውሎት እናውጣላችሁ የሚሉ መጥተዋል። የሚያወጣው ቁጥር ከሰው ግምት የተሻለ ሊሆን ይችላል። አባቱን መጥራት ካልቻለ ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ይህ ሁሉ መጻፍ ለምን? መዝገብ በጥቅሉ የመጨረሻው ክፍያ ከተፈጸመ በኋላ ሦስት ዓመት ይጠበቃል። ዓመቱ ባለቀ በስድስት ወር ውስጥ የመዝጊያ ሒሳባችሁን ታቀርባላችሁ፤ መርማሪው ግን መቼ እንደሚመጣ የእሱ ጉዳይ ነው። ያን ጊዜ ዕቅዱን የጻፈችው ልጅ አግብታ አትላንታ ገብታለች። ዕቅዱ ያለ እሷ መናገር አለበት።

ስለ ሶፍትዌር በአጭሩ። ነጋዴዎች «ዲሲኤኤ ያጸደቀው» እያሉ ይሸጡላችኋል። ዲሲኤኤ ሶፍትዌር አያጸድቅም። የሚመረምረው የእናንተን አሠራር ነው። ውል ከመሰጠቱ በፊት የሒሳብ ሥርዓታችሁ በቅጽ 1408 ሲፈተሽ፣ ቀጥታውን ከተዘዋዋሪው ትለያላችሁ ወይ፣ ወጪን በየውሉ ትይዛላችሁ ወይ፣ የማይፈቀደውን ታወጣላችሁ ወይ፣ ቢያንስ በየወሩ ትዘጋላችሁ ወይ ይላል፤ የፕሮግራሙን ስም አይጠይቅም። በኩዊክቡክስ ያለፉ አሉ፤ በውዱ ኮስትፖይንት የወደቁም አሉ።

ትንሽ ድርጅት ነን፣ ሥራ የምንከፋፍልበት ሰው የለንም የምትሉ አላችሁ። የእድራችንን ሳጥን አስታውሱ፤ በብዙ ሰፈር ቁልፉ ሦስት ነበር፣ ሦስቱም ሦስት ሰው ጋ። አባላቱ ሌቦች ስለሆኑ አልነበረም። ዕቅዱን የጻፈ አያጽድቀው፤ የራሱን ታይምሺት ራሱ የሚፈርም አይኑር፤ ሦስተኛውን ቁልፍ በየሩብ ዓመቱ ለሚመጣ የውጭ አካውንታንት ስጡ።

ቃል የገባሁላችሁ 37 በመቶ ቀረ። ሦስት ሳምንት ፋይል ገለበጥኩ። የድሮ ኢሜይሎች አነበብኩ። ከእኔ በፊት የነበረውን ሰው ፈልጌ ደወልኩለት፤ «ሳገኘውም 37 ነበር» አለኝ። በመጨረሻ ባለቤቱ ራሱ አስታወሰ። ከአምስት ዓመት በፊት ጨረታው ሊዘጋ አንድ ማታ ሲቀረው፣ ካፌ ውስጥ ከጓደኛው ጋር ተቀምጠው፣ 40 ቢሉ ውድ እንዳይባሉ፣ 35 ቢሉ እንዳይከስሩ ፈርተው መሐሉን አካባቢ የጻፉት ነው። ከዚያ በየዓመቱ ሲገለበጥ ኖረ።

ለኦዲተሩ እንዳለ ነገርኩት። የምደብቀውም አልነበረኝም። መነጽሩን አስተካከለ፣ ማስታወሻው ላይ ሁለት መስመር ጻፈ፣ ገጹን ገለጠና ጣቱን ሌላ ቁጥር ላይ አሳረፈ።

«ይህስ?» አለኝ።